ዕድሩ ያልፈቀደው ሰርግ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ ጥር በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ዕለቱም እሑድ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ በዋሽንግተን ከተማ አዲሱ ፕሬዚደንት መሐላ ሲፈጽሙ ለማየት በብርድ ሲንቀጠቀጥ የዋለው ሕዝብ የጣለው የወረቀት ባንዲራ ከየመንገዱ ተጠርጎ አላለቀም፤ የፖቶማክ ወንዝም ዳርና ዳሩን በረዶ ይዞታል። ክፉ ቀን ነበር። እንደ ጥንቱ ክፉ ቀን አንበጣ አልወረደም፣ ከብትም አላለቀም፤ የወደቀው ባንክ ነው። ባንክ ሲወድቅ ደግሞ ብቻውን አይወድቅም፤ ቤት የሚሠራው ሥራ አጣ፤ ቤት የገዛው ቤቱን አጣ፤ ታክሲ የሚነዳው የሚሳፈር አጣ። በቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድርያ በሜሪላንድ እስካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻው መንገድ ላይ ሲገናኝ «እንደምን ሰነበትክ» ማለቱን ትቶ «ለመሆኑ ሥራ አለህ?» ማለት ጀመረ።

በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማዶ ለማዶ መረዳጃ ዕድር አባላት በታኮማ ፓርክ በአንድ ምድር ቤት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዕድሩ ይህን ስም ያገኘው ገሚሱ አባል ከወንዙ ወዲህ በሜሪላንድ፣ ገሚሱ ከወንዙ ወዲያ በቨርጂኒያ ስለሚኖር ነው። ያቋቋሙት ከአብዮቱ የሸሹ ሰዎች ነበሩ፤ በአገራቸው ዋና ዳይሬክተርና ሻለቃ ተብለው ኖረው እዚህ ሲመጡ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ የሆኑ ሰዎች። ማዕረጋቸው ሁሉ ተገፎ የቀራቸው ዕድሩ ብቻ ነበርና እንደ መንግሥት ያስተዳድሩት ነበር። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ድንኳንና ወንበር፣ ጎላና ብረት ድስት የሞላበት ዕቃ ቤት አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን አባል ሲሞት ሬሳውን አፈሩን ወደሚለብስበት አገር የሚልክ እሱ ነው። በሰው አገር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም! ሹመኛው ሊያስርህ ይችላል፣ ባለ ባንኩ ቤትህን ሊወስድ ይችላል፤ ዕድር ግን ሬሳህን ሜዳ ላይ ጥሎት ሊሄድ ይችላል።

ከተሰብሳቢው መካከል ትብለጥ የምትባል ሴት ነበረች። በክሪስታል ሲቲ በአንድ ሆቴል የአልጋ አንጣፊዎቹ አለቃ ናት፤ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት። ዕድሜዋ ያለቀው በመጠበቅ ነው። መጀመሪያ የጥገኝነት ወረቀት ጠበቀች፤ ቀጥሎ ግሪን ካርድ ጠበቀች፤ ከዚያ አገር ቤት ያሉት ታናናሾቿ ተምረው እስኪጨርሱ፣ ከዚያም እናቷ ታመው እስኪሻላቸው ጠበቀች፤ እናቷ ግን ሳይሻላቸው አረፉ። በመጨረሻ እግዜር ደግ ነውና ኪራኮስን ላከላት። ኪራኮስ ሰድር አንጣፊ ነው፤ እጁ የሠለጠነ፣ ምላሱ የዘገየ፣ የአሌክሳንድርያ ሰው። የሚሠራበት ሕንፃ ግንባታው ሲቆም «ሌይ ኦፍ» ተብሎ ከሥራ ተቀነሰና በዚያ ሰሞን የሰው ታክሲ ተከራይቶ ከሌላ ሾፌር ጋር በፈረቃ ይነዳ ነበር። ሁለቱ ተዋደዋል፤ ፋሲካ አልፎ በዳግማይ ትንሣኤ ሊጋቡም ተማክረዋል። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ኃይለመለኮት ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ። የፊታውራሪ ልጅ ናቸው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አይፈቅዱም።

«ወገኖቼ» አሉ፤ «ኪራዩ ጣራ ነክቶብኝ ምግብ ቤቴን ከዩ ስትሪት ካነሣሁ ወዲህ፣ ክፉ ቀን ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ድንኳን ዳርናቸው፣ እልልም አልንላቸው፤ ዛሬ ቤታቸው ተወስዶባቸው እሷ እህቷ ዘንድ፣ እሱ ጓደኛው ሶፋ ላይ የሚያድሩ ባልና ሚስት አሉን። ዕድር ይቀብራል እንጂ አይጦርም። ስለዚህ የሥራ አመራሩ መክሮ ደንብ አውጥቷል። ይህ ዘመን እስኪያልፍ፣ ሙሽራው ዓመት የደፈነ ቋሚ ሥራ ከሌለው፣ ከአባላችን አንድም ሰው ለሽምግልና አይሄድለትም፤ ድንኳንና ድስትም አይወጣለትም። ደንቡን ጥሶ የሚያገባ ከዕድሩ ይሰረዛል። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያስረዱ።»

ጸሐፊው ዶክተር ዓብዩ ነው። በጥንት የጀርመን መንደሮች ታሪክ ዶክትሬቱን ሠርቶ በአንድ ኮሌጅ በትርፍ ሰዓት የሚያስተምር፣ ስለነዚያ መንደሮች ቢጠየቅ ፊቱ የሚበራ፣ ነገር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ሐበሻ ጠይቆት የማያውቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ዕድሉ መጣ፤ ምስኪን፣ ሻርፑን አስተካክሎ እንደ ሙሽራ ነው የተነሣው።

«ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም» አለ። «ከሁለት መቶ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ ክፉ ቀን ሲመጣ ሕዝቡ የሚያደርገው እንደየአገሩ ደንብ ነበር። በእንግሊዝ አጥቢያው ከባለ ርስቱ ግብር ሰብስቦ ለድኻው ይደጉም ነበርና የተቸገረ ሰው የሚይዘው እጅ ነበረው። በደቡብ ጀርመን ግን በየመንደሩ ሸንጎ አለ፤ ሸንጎው ሳይፈቅድለት ድኻ አያገባም። በእጅ ሥራ ማኅበሩም ዘንድ ተለማማጁ ባለሙያ ተብሎ ሳይመረቅ ሚስት አይመኝም። እህል ሲወደድ ጋብቻ ይዘገያል፤ ጋብቻ ሲዘገይ የሚወለደው ይቀንሳል፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው ክፉውን ቀን ያሳለፉት። እኛም ከዚህ መማር እንችላለን።»

ሽማግሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። ፈረንጅ ያደረገው ነገር መሆኑን ሲሰሙ ደንቡ ጭራሽ ግርማ ሞገስ አገኘ።

ትብለጥ ግን ፊቷ ጋለ። ኪራኮስ ቋሚ ሥራ የሌለው ብቸኛው እጮኛ መሆኑን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል፤ ደንቡ ስም አልጠራም እንጂ የወጣው በእሷ ነው። ተነሣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ዶክተር። ያ ሸንጎ አታግቡ ያላቸው ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

ዶክተር ዓብዩ መልሱን ያውቅ ነበር፤ ክፋቱ ደግሞ መዋሸት አይችልም። ሻርፑን ነካ ነካ አደረገ።

«እንግዲህ… ሳያገቡ ያረጁ ብዙ ናቸው። ሳይጋቡ የወለዱም አሉ፤ ልጆቻቸው ዲቃላ እየተባሉ ነው ያደጉት። ሌሎቹ ደግሞ ተሰደዱ።»

«ወዴት?»

«ወደ ብዙ ቦታ።»

«ወዴት፣ ዶክተር?»

«ወደ… አሜሪካ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁም ከወንበር ወደ ወንበር ተዛመተ። ትብለጥ ግን አልሳቀችም።

«እንግዲያው እነዚያ ሰዎች ከሸንጎ አምልጠው ወደመጡበት አገር፣ እናንተ ሸንጎውን ተሸክማችሁ መጣችሁ!» አለች። «ከአውሮፓ መማር ካማራችሁ እንግሊዙ ነበረላችሁ። እሱንማ ሰምታችሁ እንዳልሰማ አለፋችሁት፤ መርዳት ሸክም ነዋ! መከልከሉ ይቀላል።»

«እቴ ትብለጥ፣ ረጋ በይ እንጂ» አሉ ዳኛው፤ «አታግቢ ያለሽ የለም። ጠብቂ ነው የተባልሽው። ይህም ቀን ያልፋል።»

«ቀኑማ ያልፋል፣ ጋሼ ኃይለመለኮት፤ እኔም አብሬው አልፋለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ ጠብቂ ስትባል መጠበቅ ነው፤ እኔ ጠብቂ ስባል ቀረብሽ ማለት ነው። ልጅ እፈልጋለሁ። ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩት፤ ነውር ከሆነ ነውሩን እኔ ልሸከመው።»

«ሬሳሽንስ ማን ሊያነሣው ነው?» የሚል ድምፅ ከወንዶቹ መካከል መጣ።

ትብለጥ ወደ ድምፁ ዞረች። «ሬሳዬ ሬሳ እስኪሆን ድረስ የእኔ ነው። እናንተ ስሞት ልትመጡ ተማምላችኋል፤ በቁሜ አንድ ቀን ኑልኝ ስላችሁ ግን እምቢ አላችሁ። እንዲህ ከሆነ ስሞትም ቅሩ!»

«ወይ ጉድ! ወይ ድፍረት!» እየተባለ ድምፅ ተሰጠ፤ ደንቡም በብዙ እጅ አለፈ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ የገዛ ወንድሟ ወልደአምላክ ነበር፤ ሲያወጣም ወደ እሷ አላየም። በሴቶቹ በኩል የዕድሩ የወጥ ቤት አለቃ እማማ ተናኘ እጃቸውን ከነጠላቸው ሳያወጡ ቀሩ። ይህን ማንም ልብ አላለውም። መቼ የሴት እጅ ይቆጠርና!

ወልደአምላክ በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ አሮጌ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሃምሳን የተሻገረ፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው። ትብለጥን ወደ አሜሪካ ያመጣት እሱ ነው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱም እሷን ለመስጠትና ለመንሳት ሥልጣን ያለው እሱ ነው። ያን ዕለት ማታውን ልትጠይቀው ሄደች፤ ምስር ወጥ አቀረበላትና በሉ።

«እጅህን አወጣህብኝ፣ ጋሼ» አለችው በመጨረሻ።

«ደንብ ነው፣ ትቡዬ። እናታችን ያረፈች ጊዜ እዚህ ሳሎን ውስጥ ሦስት ቀን አብሮኝ ያለቀሰው ማነው? ዕድሩ ነው። ያንን ልረሳ?»

«አትርሳ። እኔን ግን አትርሳኝ።»

«ትዕግሥት መራራ ናት፤ ፍሬዋ ግን…»

«ፍሬው እስኪበስል ዛፉ ደረቀ፣ ጋሼ!»

ወልደአምላክ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ስሚኝ» አላት። «ኪራኮስን አልጠላሁትም። እህቴ ግን እንደ ወላጅ አልባ በራሷ እግር ወጥታ አትሄድም። እናቴ ከመቃብር ትታዘበኛለች። ሽማግሌ ይምጣ፤ ከመጣ በሬን አልዘጋም፤ ይኸው ቃሌ። ካልመጣ ግን ምን ላድርግሽ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ታሠረ። ሕጉን ላየው ቀላል ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ገብተው ቢፈርሙ ማንም አይከለክላቸውም። ኪራኮስም አንድ ቀን ይህንኑ ሐሳብ አቀረበላት፤ እሷ ግን «አላደርገውም» አለችው። «ተደብቄ ካገባሁማ እነሱ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። በሽማግሌ፣ በቁርባን፣ በሰው ፊት ነው የማገባህ። ሽማግሌ ፈልግ!»

ፈለገ፤ አቤት ሲፈልግ! ከአሌክሳንድርያ ሽማግሎች አንዱ ጉልበቱን አመመው፤ አንዱ «ልጄ፣ ደንቡን አውጥቼ ደንቡን ላፍርስ?» አለ፤ አንዱ ሦስት ቀን ስልክ አላነሣም። አብሮት ሰድር ሲያነጥፍ የኖረው በፈቃዱ ደግሞ እንባ አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ አባቴ እዚህ አልጋ ላይ ናቸው። ነገ ቢያርፉ ዕድር ከሌለኝ ምን ይውጠኛል?» አለው። ይህኛው እውነቱን ነበር፤ ኪራኮስም አልተቀየመውም። ሰው ሁሉ በሟቹ ተይዞ ነበር።

ወርኃ የካቲት ገባ። ዓቢይ ጾም ከገባ ስለ ጋብቻ ማውራት አይሆንም፤ ከጾሙ በፊት ያልታሰረ ቃል ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ አይደርስም። ትብለጥ እየጨነቃት መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ እማማ ተናኘ ቤት መራት።

እማማ ተናኘ የዕድሩን ለቅሶ ቤት ሁሉ ሲመግቡ የኖሩ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ባልቴት ናቸው። የፈረንጅ ትግል በቴሌቪዥን ማየት እጅግ ይወዳሉ፤ ትብለጥ ስትገባም ባለ ቀይ ቁምጣው ባለ ጥቁሩን ከገመድ ላይ ወርውሮት ነበር።

«ገና ይነሣል፣ ቆይ» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ሞተ ስትዪው ነው የሚነሣው። ተቀመጪ። ሽማግሌ አጣሁ ልትዪኝ ነው?»

«አጣሁ፣ እማማ።»

«በዚህ አገር ሬሳ የሚያጥብ ማነው? ለአርባ ቀን ድስት የሚጥድ ማነው? መርዶ ሲረዳ ከፊት የሚቆመው፣ ሰውዬው ወድቆ እንዳይፈነከት የሚይዘውስ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት። እናንተ ናችሁ።»

«ለሞት ሲሆን ከፊት፣ ለሠርግ ሲሆን ከምድጃ ኋላ። ሽማግሌ ጢም ያለው ነው ያለው ማነው?» አገጫቸውን ዳሰሱ። «እሱም ቢሆን ከተፈለገ እኔም በቅሎልኛል።»

ትብለጥ ከዚያ ክፉ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋም መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እማማ ተናኘ ቴሌቪዥናቸውን አጠፉ፤ ይህ ለማንም አድርገውት የማያውቁት ነገር ነው።

«ደንባቸው ከአባል ማንም አይሂድ ነው የሚለው። ቢሰርዙኝ ይሰርዙኝ። ድስቱን ማን እንደሚጥድላቸው አያለሁ።»

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ገና ሰማዩ ሳይገልጥ፣ ኪራኮስ የተከራየውን ታክሲ አሙቆ ወንዙን ተሻገረ። ከኋላ ሁለት የአሌክሳንድርያ ባልቴቶች፣ እኅትማማቾች፣ ተቀምጠዋል፤ እማማ ተናኘን ከሲልቨር ስፕሪንግ አሳፈሩ። በማለዳ የሄዱት ወልደአምላክ ቅዳሜ ቅዳሜ በጧት ሥራ ስለሚገባ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ሦስቱም ጥቁር ካፖርት ደርበው ነጠላቸውን ከላይ እስከ ራሳቸው ተከናንበዋል። ትብለጥም መጥታ ነበር፤ እጮኛ ለሽምግልና አብራ አትወጣምና ከኪራኮስ ጋር መኪናው ውስጥ ቀረች። ሴቶቹ ቀስ እያሉ ደረጃውን ሲወጡ አየቻቸው።

ወይ የሰው ነገር! ከመካከላቸው አንዷም ያላሰበችው ነገር ነበር። በዚያ ማኅበረሰብ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በር አንኳኩቶ ነው የሚረዳው። ባለፈው ዓመት በዚሁ በር፣ በዚሁ ሰዓት፣ እማማ ተናኘ በዚሁ ጥቁር ካፖርትና በዚሁ ነጠላ ከፊት ቆመው ነበር የወልደአምላክን እናት ሞት ያረዱት። ዛሬም በሩ ተንኳኳ። ወልደአምላክ ሸሚዙን እየቆለፈ ከፈተ፤ እማማ ተናኘን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ አየ። ወንድ የለም፣ ሽማግሌ የለም፤ ነጠላ ብቻ። ለእሱ የቀረው ሰው ደግሞ በዚህ ዓለም አንድ ነው።

«እህቴን!» አለ። ከዚያም በበሩ መቃን ላይ ተንሸራቶ ወረደ። «እህቴን! ትቡዬን! ትብለጥዬን!»

እማማ ተናኘ «ኧረ አይደለም! ኧረ በስመ አብ!» ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ከኋላ የቆሙት እኅትማማቾች ጩኸቱን ሲሰሙ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረው ማልቀስ ጀመሩ፤ የሰው ለቅሶ ሰምተው ደረቅ ዓይን ይዘው መቆም አይችሉበትም። የጎረቤት በር ተከፈተ፤ ውሻ ጮኸ።

ታች መኪናው ውስጥ ትብለጥ የገዛ ስሟ በሙሾ ሲጠራ ሰማች። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? ኪራኮስ «ኧረ ቆይ፣ አይሆንም፣ ወጉ…» እያለ እጇን ሊይዝ ሞከረ። ወጉን ለእሱ ትታለት ወጣች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች።

ወንድሟ መሬት ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይደቃል። በቀጥታ አየችው፤ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩሰው ያ ኩሩ ሰው አዝራሮቹ ተበጥሰዋል።

«ጋሼ!»

ቀና አለ። አያት።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«አለሽ እንዴ?»

«አለሁ፣ ጋሼ። ገና አልሞትኩም!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ እንባም ቁጣም ነበረበት። «እንዲህ የምታለቅስልኝ ከሆነ በሕይወት ሳለሁ ስማኝ!»

አንገቷን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እማማ ተናኘ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው፣ እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ።

«የመጣነው ለቁም ነገር ነው፤ እሺ እስክንባልም አንቀመጥም። ልጃችን ኪራኮስ የተባረከ ነው፤ ዛሬ ሥራው ቢጎድል እጁ አልጎደለም። እህትህን ትብለጥን ለትዳር ይፈልጋታል። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን መጥተናል።»

ወግ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ «ከዘመድ እንምከር፣ ሌላ ቀን ኑ» ተብሎ ሽማግሌ ይመላለሳል። ወልደአምላክ ግን እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ተነሣ።

«ለሞቷ የከፈትኩትን በር ለሰርጓ ልዘጋው ነው?» አለ። «ሰጥቻለሁ። ደንቡን ያወጣ ሰው ይጠይቀኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ልጅ ሳለሁ ጠብቅ ተብዬ ነበር» አለ። «ይኸው እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው። ግቡ፣ ብርድ ነው።»

ዳኛ ኃይለመለኮት ነገሩን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ፤ የሚሰረዙትን ሰዎች ስም በሚቀጥለው ስብሰባ በይፋ እንደሚያሰሙም አስነገሩ። እማማ ተናኘም መልስ ላኩ፤ «ዳኛው ይሰርዙን፤ የሚቀጥለው ሰው ሲሞት ግን ጎላውን ማን እንደሚጥድ አብረው ያስነግሩ» የሚል። የዕድሩ ሴቶች ሁሉ በዚህ ቃል ተስማሙ፤ ከመካከላቸው ባሏን የፈራች አልነበረችም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ግን ተስማሙ። ስብሰባው መጣ፣ ስብሰባው አለፈ፤ ስም አልተሰማም። ደንቡም አልተሻረም። ዕቃ ቤቱ ግን እንደተቆለፈ ቆየ፤ ዳኛው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ ትብለጥና ኪራኮስ ቆርበው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ፀሐዩ ያለ ወሩ እንደ እሳት ነደደ። ሰርጉ የተበላው በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ መናፈሻ ሣር ላይ ነው፤ ድንኳን የለም፣ ጥላም የለም። ሰዉ የነጠላውን ጫፍ እርስ በርስ እየያዘ ለሕፃናቱ ጥላ ሠራ። ድስቱ ከየቤቱ የተዋጣ ነበር፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ እጀታ የሌለው። ዶክተር ዓብዩ በላብ ተጠምቆ መኪና ሙሉ ታጣፊ ወንበር ይዞ መጣ፤ ከየት እንዳመጣው ማንም አልጠየቀውም። ለትብለጥ እጅ ነሥቶ፣ «ያን ቀን ጥያቄውን ከመጠየቅሽ በፊት ለራሴ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር» አላት።

«ይልቅ ወንበሩን ዘርጋው፣ ዶክተር» አለችው፤ «ሰዉ ቆሟል።»

ከመናፈሻው ዳር አንድ መኪና ከቆመ ቆይቷል። ዳኛ ኃይለመለኮት ውስጡ ተቀምጠዋል፤ አልወረዱም፣ አልሄዱም። እማማ ተናኘ ሳህን ሞልተው በመስኮቱ አቀበሏቸው። ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም፤ ሳህኑ ግን ባዶውን ተመለሰ።

ዓመታት አለፉ። ክፉው ቀን አለፈ፤ ሌላ ክፉ ቀን በሽታ ይዞ መጣና እሱም አለፈ። ዳኛ ኃይለመለኮት ዐረፉ፤ ዕድሩ በክብር አገር ቤት ላካቸው፤ ለቅሶአቸው ላይ ጎላውን ከጣዱት አንዷ ትብለጥ ነበረች። በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ማዶ ለማዶ ዕድር የምሥረታ በዓሉን በትልቅ አዳራሽ አከበረ። አዲሱ ዳኛ ሳህሉ፣ ሱፉ ያማረ፣ ድምፁ የጠራ ጎልማሳ፣ የዕድሩን ታሪክ ለሕዝቡ አነበበ።

«በሁለት ሺህ አንዱ ክፉ ዘመን ሌላው ማኅበር ሲበተን፣ ዕድራችን አባላቱን አልጣለም፤ ሥራ ያጡትን ልጆቻችንን ሳይቀር በገዛ ድንኳኑ ድሯል!»

ጭብጨባ ሆነ። ትብለጥ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ከወንበሯ ተነሣች። አጠገቧ የተቀመጠችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ያኔት ቀሚሷን ጎተተች።

«ማም፣ ፕሊዝ፣ ሲት ዳውን» አለቻት በሹክሹክታ።

«አልቀመጥም፤ አንቺ ተቀመጪ፣ ስሚም» አለቻት። ከዚያም ወደ መድረኩ፣ «ዳኛ ሳህሉ» አለች፤ «ድንኳኑ ያን ቀን ተቆልፎ ነበር። እኛ ፀሐይ ላይ ነው የቆምነው። ይህቺ ልጅ አትወለድ ብሎ የወሰነው ይህ ዕድር ነው፤ ደንቡ እስከ ዛሬ አልተሻረም።»

ሳህሉ ወረቀቱን አገላበጠ፤ «እናመሰግናለን፣ እትዬ ትብለጥ፣ ይታረማል» አለ፤ ወደ ቀጣዩ መርሐ ግብርም ተሻገረ። አልታረመም። በታተመው የዕድሩ ታሪክ ላይ ድንኳኑ ዛሬም እንደተተከለ ነው።

ታሪክ ሲጻፍ ዕቃ ቤቱን የያዘው ሰው ነው የሚጽፈው። የዚያን ዘመን ሊቃውንትም በክፉው ዓመት በአሜሪካ ስንት ጋብቻ እንደቀነሰና ስንት ሕፃን ሳይወለድ እንደቀረ መዝግበዋል፤ ማን ከለከለ፣ ማን እምቢ አለ የሚለው ግን መዝገባቸው ውስጥ አልገባም። ቢሆንም በማዶ ለማዶ ዕድር አንድ ልማድ ቀርቷል፤ ለሽምግልና ሲኬድ ከፊት አንዲት ባልቴት ትቆማለች፤ ጠዋትም አይኬድም፣ ከሰዓት እንጂ። ወጣቶቹ ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው ወግ ነው ይላሉ።